መልስ የጠፋበት ጥሪ፦ ድረ ገጽ ለጊዜው ሲጠፋ

ወልቂጤ ያለ መሥሪያ ቤት የራሱን ድረ ገጽ ሊከፍት ሲሞክር ገጹ ብዙ ቆይቶ የጥበቃው ጊዜ ማለፉን ይነግረዋል። ቡታጅራ ያለው ቅርንጫፍ ግን በዚያው ሰዓት ያለችግር ይሠራበታል። ጥቂት ቆይቶ ወልቂጤም ይከፈታል። ባለሙያዎች ይህን ችግር «ታይምአውት» ይሉታል።

ኮምፒውተራችን ገጹን ከመጠየቁ በፊት ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ከሰርቨሩ ጋር ሦስት አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣል። እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ደጆች!» እንደሚባለው ነው፤ ከዚያ እንግዳው ማንነቱን ተናግሮ ይገባል። ሰርቨሩ «አልቀበልም» ቢል እንኳ መልስ ነው። ታይምአውት ግን ጭራሽ ዝምታ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ዝምታው ከየት እንደጀመረ መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፍቶ በሞባይል ዳታ መሞከር፣ ሌላ ከተማ ላለ ሰውም ደውሎ መጠየቅ ይበጃል። በሌላው መስመር ከተከፈተ ብዙ ጊዜ የቢሮውን የኢንተርኔት አድራሻ የዘጋው የሰርቨሩ ጥበቃ፣ ማለትም ፋየርዎሉ ነው። የቢሮው ኮምፒውተሮችና ዋይፋዩን የሚጠቀሙ ስልኮች ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ በአንድ የአይፒ አድራሻ ነው። የቢሮው ኢሜይል በዚያው ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ አንድ ስልክ በአሮጌው እየደጋገመ ሲሞክር፣ ፋየርዎሉ ሌባ መጣ ብሎ አድራሻውን ለተወሰነ ጊዜ ያግደዋል። በአንዱ ስልክ ምክንያት ቢሮው ሁሉ ይታገዳል። መፍትሔው የዚያን ስልክ የይለፍ ቃል ማስተካከልና አድራሻው እንዲከፈት መጠየቅ ነው፤ ፋየርዎሉን ማስጠፋት ግን ለእውነተኛው ሌባ በር መክፈት ነው።

በሁሉም ቦታ ከጠፋ ጥፋቱ ከሰርቨሩ ወይም ከመንገዱ ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ በርካታ ድረ ገጾች በጋራ ስለሚቀመጡ የአንዱ መጨናነቅ ለሌላው ይተርፋል። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ከሆነ ደግሞ መልእክቱ በጎረቤት አገሮች አልፎ የባሕር ኬብል ይይዛል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም የተባለውን ጨምሮ በርካታ ኬብሎች ተበጥሰው የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተስተጓጉሎ ነበር። መልእክቱ እስከ የት እንደደረሰ የሚያሳየው «ትሬስራውት» የሚባለው ትእዛዝ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች ለደኅንነት ሲባል መልስ ስለማይሰጡ፣ በመሀል የታየ ክፍተት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ችግሩ ሲገጥማችሁ ገጹ ተመልሶ ሳይከፈት አራት ነገር መዝግቡ፦ ሰዓቱን፣ የቢሮውን የአይፒ አድራሻ፣ በሞባይል ዳታ መከፈት አለመከፈቱንና የትሬስራውቱን ውጤት። «ድረ ገጻችን አይሠራም» ብቻ ብላችሁ ከምትጽፉ እነዚህን ለሰርቨሩ አከራይ ላኩ፤ ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።