በ72 ሰዓት ውስጥ፦ ለተደፈረች እኅት የሚደረግ ሕክምና

በ2013 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን፣ የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከተማ በህወሓት ተዋጊዎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጣው ዘገባ ያነጋገራቸው 16 ሴቶች በእነዚያ ቀናት መደፈራቸውን ተናግረዋል፤ 14ቱ በቡድን። በትግራይም በእኅቶቻችን ላይ ተመሳሳይ ግፍ ተፈጽሟል፤ እናት ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን አትለይም።

ለእኛ ለእስቴ፣ ለስማዳና ለጋይንት አገልጋዮች ግን ከዘገባው ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የከተማዋ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘርፈውና ተጎድተው ስለ ነበር፣ ሴቶቹ ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያና የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በጊዜው አላገኙም።

ጊዜው ብርቱ ጉዳይ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያው ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከተጀመረም ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። በመድኃኒት ቤት ፖስት ፒል በሚል ስም የሚታወቀው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም በፈጠነ መጠን ይበልጥ ይሠራል፤ ቢዘገይ እስከ 5 ቀን ሊሰጥ ይችላል፣ ኃይሉ ግን እየደከመ ይሄዳል።

ካህናት አባቶቻችን የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይህ ጽንስ ማስወረድ አይደለምን? አይደለም። መድኃኒቱ የሚሠራው የሴቲቱ እንቁላል እንዳይለቀቅ በመከላከል ወይም በማዘግየት ነው። አስቀድማ ጸንሳ ከሆነ እርግዝናውን አያቋርጥም፣ ጽንሱንም አይጎዳም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ጽንስ ስለ ማስወረድ ከምታስተምረው ጋር ሊደባለቅ አይገባም። ለባለትዳሮች ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የሚሰጠው ምክርም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የምንናገረው ያለ ፈቃዷ ስለ ተደፈረች ልጅ ነው።

በአካባቢያችን ሰዓቱን የሚበላው የመንገዱ ርቀት ብቻ አይደለም። ቤተሰብ ነገሩን ለመሸፈን ወይም በሽማግሌ ለመጨረስ ሲመክር ሦስቱ ቀን ያልቃል። የዳዊት ልጅ ትዕማርንም ዝም እንድትል የመከራት የገዛ ወንድሟ አቤሴሎም ነበር፤ በቤቱም አዝና ተቀመጠች።

የንስሐ አባት ምስጢር መጠበቁ የታወቀ ነው፤ ምስጢር መጠበቅ ግን ልጅቱን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ ብሎ ከመምከር አይከለክለውም። ለሰንበት ባይቀጥራት መልካም ነው። የለበሰችውን ልብስ ሳታጥብ፣ ከምታምናት አንዲት እናት ጋር ትሂድ። ሕክምናው የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ መቆየት የለበትም፤ ክሱ በኋላ ይደርሳል። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይልካታል፤ ለዚህም የመጓጓዣ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ይህን ገንዘብ ሰበካ ጉባኤው ከምጽዋቱ አስቀድሞ ቢለይ፣ የልጅቱን ስም ሳይጠይቅ በንስሐ አባቷ እጅ መስጠት ይችላል። የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ጠርቶ፣ ሁለቱ መድኃኒቶች በቅርብ ጤና ጣቢያ መኖር አለመኖራቸውን ከአሁኑ ይጠይቅ፤ ከሌሉም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያሳውቅ።