ምጥ በመድኃኒት ሲጀመር

«ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለው የፅንስ ቍጥር በየቤቱ የታወቀ ነው። ሐኪሞች ደግሞ የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥተው 40 ሳምንት ይቈጥራሉ። ቀኑ ደርሶ ምጡ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ቤተ ሰቡ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ «በመርፌ ይምጣላት» ሲል፥ ሌላው «መርፌው ሕፃኑን ይጎዳል፤ በራሱ ጊዜ ይምጣ» ይላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ነገሩን የሚለየው ግን የቀኑ ቍጥር ነው።

ለምጥ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የእናት ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ነገር ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ቪንሰንት ዱ ቪንዮ እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ሠርቶት፥ በ1955 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መቈየት የራሱ አደጋ አለው። ቀኑ ሲያልፍ የእንግዴ ልጁ እየደከመ ስለሚሄድ ለሕፃኑ የሚደርሰው ምግብና አየር ሊያንስ ይችላል። በስዊድን አገር 2,760 ነፍሰ ጡሮች በሁለት ተከፍለው፥ ለግማሾቹ ምጡ በ41 ሳምንት ተጀመረላቸው፤ የቀሩት እስከ 42 ሳምንት ጠበቁ። ከጠበቁት ወገን 6 ሕፃናት ሞቱ፤ ከፊተኞቹ አንድም አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ይህ ጥናት በዚሁ ምክንያት ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ።

ብዙ ሰው መርፌው ወደ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል ብሎ ይሠጋል። በአሜሪካ ከ6,000 በሚበልጡ፥ ሕመም በሌለባቸውና የመጀመሪያ ልጃቸውን በሚወልዱ እናቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ግን፥ በ39 ሳምንት ምጥ ከተጀመረላቸው ከ100 ወደ 19፥ ከጠበቁት ደግሞ ከ100 ወደ 22 የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና መውለዳቸውን አሳየ። በሕፃናቱ ጤና ረገድ በሁለቱ መካከል የተረጋገጠ ልዩነት አልተገኘም።

ቢሆንም መድኃኒቱ ጠባቂ ይሻል። መጠኑ ሲበዛ ምጡ ያለ ዕረፍት ይደራረባል፤ ሕፃኑም አየር የሚያገኝበት ፋታ ስለሚያጣ የልቡ ትርታ ሊወርድ ይችላል። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናትም የማኅፀኗ ጠባሳ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ የሕፃኑ የልብ ትርታ በየጊዜው የሚታይበት፥ ቢያስፈልግም ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ሆስፒታል ያስፈልጋል።

የደም ግፊት ያለባት ወይም የሽርት ውሃዋ ቀድሞ የፈሰሰ እንደ ሆነ ሐኪሙ ቀኑ ሳይደርስም ምጡን ሊያስጀምር ይችላል። ደኅና ለሆነችው እናት ግን ትልቁ ሥጋት የቀን ስሕተት ነው። 41 ሳምንት ነው የተባለው 36 ቢሆን፥ ሳንባው ያልጠነከረ ሕፃን ሊወለድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጊዜዋ ላለፈ እናት ምጥ ማስጀመርን የሚመክረው፥ 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጥ ሲታወቅ ነው።

እንግዲህ እናት የመጨረሻው የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን በጽሑፍ ታኑር፤ ባልም በመጀመሪያዎቹ ወራት ለአልትራሳውንድ ምርመራ ይውሰዳት። ያች ቀን ከተያዘች፥ «ይምጣ»ና «ይቈይ» የሚለው የቤት ክርክር በግምት አይፈረድም።