ክሎዶ የወደቀች መኪና

ከሸዋ ሮቢት ሙሉ ጭነት ይዞ የተነሣ አይሱዙ ጭሱ መጀመሪያ ላይ ብዙም ዓይን አይገባም። ደብረ ሲናን አልፎ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጣርማ በር ዋሻ መውጣት ሲጀምር ግን ከኋላው የሚከተለው የሚኒባስ ሾፌር መስኮቱን ይዘጋል። ዋሻው አፍ ሲደርስ ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር እንደ ጥላሸት ነው። ሾፌሩ ያው ነው፤ ናፍታውም ሮቢት የተቀዳው ነው። የተለወጠው አየሩ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰባ በመቶው ያህል ነው።

የመንዝ ባልቴት ይህን ያለ መሣሪያ ታውቀዋለች። ውኃው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ንፍሮዋ ቆላ ካለችው እህቷ ንፍሮ ዘግይቶ ይበስላል። ድስቱን የሚያዘገየው አየር ሞተሩንም ያፍነዋል፤ ሰው ግን ለድስቱ ማገዶ ይጨምርና ለመኪናው መካኒክ ይለውጣል።

ነገሩ የሚከብደው ክሎዶ ሲደርስ ነው። ክሎዶ፣ ማለትም ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ፣ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ምርመራውን ያለፈ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎም፣ ሊብሬውም፣ ካንዴላውም፣ ፍሪሲዮኑም እንደዚያው። የጣርማ በርን ዋሻ ያስቆፈሩት ሰዎች ሲሄዱ የጋራዡን ቋንቋ ትተውልን ሄደዋል። ምርመራውን የደነገገው በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ነው። ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና መሪ ላይ የወደቀ ሰው ምን እንደሚያሠራ ያውቃል። ጭስ ላይ የወደቀ ግን ግራ ይገባዋል፤ የሞተሩ ሕመም ሁሉ የሚወጣው በዚያው በአንድ ቱቦ ነውና።

ጭስ የሚለካው መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነው። ለናፍታ መኪና የሚሆነው በጭሱ መካከል ብርሃን አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተጋረደ ያነባል። ለቤንዚን የሚሆነው ቀጭን ቱቦ ማርሚታው ውስጥ ያስገባና አራት ቁጥር ያወጣል፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮካርቦን (ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን ማለት ነው)፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን። መሣሪያ በሌለበት ዳኛው የመርማሪው ዓይንና አፍንጫ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ እንግሊዝ አገር ካታሊስት የሌለው የ1980ዎቹ መጨረሻ መኪና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ3.5 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦኑ ከሚሊዮን 1,200 እጅ ካለፈ ይወድቃል።

ከአራቱ ቁጥሮች ይልቅ ሰው የሚያየው «ወድቋል» የምትለዋን ቃል ነው። አጎቴም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

አጎቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የሚኖረው። ከድሬዳዋ ገዝቶ ያመጣት ዲኤክስ ኮሮላ አለችው፤ 1.3 ሊትር፣ ባለ ካርቡሬተር፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ። ጭስ ላይ ወደቀች። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ካንዴላውን፣ ገመዱን፣ በመጨረሻም ካርቡሬተሩን ራሱን በሌላ አሮጌ ካርቡሬተር ቀየረለት። ድጋሚ ወደቀች። ሦስተኛ ጊዜ ከመሄዱ በፊት አንድ ወጣት መካኒክ ዘንድ ወሰድናት።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን አይተውታል?»

«ወረቀቱማ ወድቀሃል ነው የሚለው።»

«የለም፣ ቁጥሩን።»

ካርቦን ሞኖክሳይዱ 6.4 በመቶ ነበር። ሃይድሮካርቦኑ 480፣ ኦክስጅኑ ከአንድ በመቶ በታች። ልጁ በጣቱ እያመለከተ አስረዳን። ካንዴላ የማይተኩስ ሲሊንደር ቢኖር ቤንዚኑም አየሩም ሳይነኩ ይወጡ ነበር፤ ሃይድሮካርቦኑም ኦክስጅኑም አብረው ሽቅብ ይወጡ ነበር። እዚህ ግን እሳቱ ይበራል፣ ኦክስጅኑም ተሟጦ አልቋል፤ የቀረው ቤንዚን ግማሽ መንገድ ተቃጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆነ። አንድ ኪሎ ቤንዚን አጥርቶ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ይቺ መኪና ወይ አየር አንሷታል፣ ወይ ቤንዚን በዝቶባታል። ካንዴላና ገመድ የተቀየረው በከንቱ ነው ማለት ነው። አጎቴ ዝም አለ፤ የከፈለውን እያሰበ መሰለኝ።

ካንዴላውን ፈትቶ አሳየን። ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ በደረቅ ጥላሸት ተሸፍኗል፤ በጣት ሲነኩት እንደ ምጣድ ቂጥ ያጠቁራል። እርጥብና ቅባት ያለው ቢሆን ዘይት ነው፣ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። ብርሃን አላሳለፈም። የመንዝን የጠጠር መንገድ አቧራ ሙሉውን በጋ ጠጥቷል። ጫማው ላይ መታ ሲያደርገው የወረደው አቧራ ለስኒ ይሞላ ነበር። ፊልትሮ በጋራዡ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም፤ መጀመሪያ የሚታየው እሱ መሆን ሲገባው መጨረሻ የሚታየውም እሱ ነው።

ከዚያ ካርቡሬተሩን ከፈተ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋ መግቢያውን የምትዘጋ ትንሽ የነሐስ ዕቃ አለች። አወጣትና ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቃት። ለእኔም ሰጠኝ፤ ውስጧ ቤንዚን ይንቦጫቦጫል። ተበስታ ቤንዚን ስለገባባት በቅጡ አትንሳፈፍም፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ሊቆም ከሚገባው በላይ ይሞላል። «ለውጠንልሃል» የተባለው ካርቡሬተር የራሱን በሽታ ይዞ ነበር የመጣው። ልጁ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከራት፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ በሚስማር ጭሮ ምልክት አደረገበት፣ ቤንዚኑን አፍስሶ ካደረቀ በኋላ በስታኞ በየዳት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አንድ ነገር ቀረ። ካርቡሬተር የሚያውቀው የሚያልፈውን አየር ብዛት እንጂ ክብደቱን አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር 3,000 ሜትር ሲወጣ ቅልቅሉ 14 በመቶ ገደማ በቤንዚን ይወፍራል። ከድሬዳዋ መሐል ሜዳ እንኳ ልዩነቱ ዘጠኝ በመቶ ያህል ነው። ልጁ ቤንዚን የሚያሳልፉትን ባለ ቀዳዳ ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች ጠበብ ባሉ ቀየራቸው፣ ሚኒሞውን አስተካከለ፤ ስስ አየር ዘግይቶ ስለሚቀጣጠል የካንዴላውንም እሳት ጥቂት ዲግሪ አስቀደመው። አሮጌዎቹን ብሎኖች በወረቀት ጠቅልሎ ለአጎቴ ሰጠው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

የደጋ አየር ሌላም ተንኮል አለው፤ በእሱ ሳቢያ ብዙ ደኅና ሞተር ያለ ኃጢአቱ ወርዷል። ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ መካኒኩም ፋሻው ማለቁን ለማወቅ ኮምፕሬሽን ይለካል። መጽሐፉ 12 ባር ይላል፤ መለኪያው መሐል ሜዳ ላይ ከ8 ትንሽ ያለፈ ያሳያል። «ሞተሩ ይውረድ!» ይባላል። ነገር ግን መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሞተር ነው፤ ሰባ በመቶ አየር ያስገባ ሲሊንደር ሰባ በመቶ ያህል ነው የሚገፋው። እዚህ አገር ማየት የሚያስፈልገው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ 8 ሲሉ አንዱ 5 ካለ፣ በዚያ በአንዱ ካንዴላ ቀዳዳ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ለእሱ ሞተር አይወርድም።

ነጭ ጭስ በውርጭ ማለዳ ማንንም አያስደንግጥ፤ እንፋሎት ነው፣ የበሬውም ትንፋሽ እኮ እንዲያ ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሄደ ግን ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል።

ናፍታ ሞተር ጠባዩ ሌላ ነው። ቤንዚን ሞተር የሚጠጣው በሚስበው አየር መጠን ነው፤ የናፍታው ፖምፓ ግን አየር ኖረም አልኖረ የተለካለትን ይረጫል። ለዚህ ነው ጣርማ በር ላይ የሚጠቁረው። ቱርቦ ያለው ይሻላል፤ አየሩን ጨምቆ ያስገባለታልና። በአንዳንድ የላንድ ክሩዘር ፖምፓዎች አናት ላይ ደግሞ ከፍታን የሚያውቅ ዕቃ አለ፤ ውስጡ አየር የወጣለት እንደ ፊኛ ያለ ቆርቆሮ ተቀምጧል። መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ቆርቆሮው ይነፋና ናፍታውን የሚቀንስ ብረት ይገፋል። ብልህ ነገር ነው፤ ግን «ጉልበት ይቀንሳል» እየተባለ ይነቀላል።

የዚህ ወንድም የሆነው ስሕተት ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍታ ብሎን መክፈት ነው። ሾፌሩ ዳገት እምቢ አለኝ ብሎ ይመጣል፤ መካኒኩ ሩብ ዙር ይከፍትለታል፤ ለአንድ ሳምንት ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ቆላ ላይ እውነትም ጉልበት ይጨምር ይሆናል። ደጋ ላይ ግን የጎደለው አየር ስለሆነ የተጨመረው ናፍታ በማርሚታው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ባለመኪናው በሊትር የገዛውን በጭስ ይበትናል። ስለዚህ ከፊልትሮው መጀመር ነው፤ ቀጥሎ የአየር ጎማው፣ በተለይ የቱርቦው፣ ተሰንጥቆ እንደሆን በእጅ እየዳሰሱ ማየት። ከዚያ ኖዝል። ጥሩ ኖዝል መፈተኛው ላይ ሲጫን እንደ ጉም ይበትናል፤ የደከመው እንደ ሕፃን ሽንት ይወርዳል። ፖምፓ የመጨረሻው ነው።

ምርመራው ራሱም ዘዴ አለው። መርማሪው ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ደጋግሞ ይረግጥና የጭሱን አማካይ ይወስዳል። ከተማ ውስጥ ስታዘግም የከረመች መኪና ማርሚታዋ ውስጥ ጥላሸት ስላከማቸች በመጀመሪያው ርግጫ ሁሉንም ትተፋዋለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ዳገት አስወጥቶ፣ ሳይቀዘቅዝ ማቅረብ ማጭበርበር አይደለም፤ ተኝቶ የነበረን ሰው ፊቱን አስታጥቦ ፎቶ ማንሳት ነው።

የቪትዝ ዘመን መኪኖች ከፍታውን በኮምፒውተራቸው ያስተካክላሉ፤ «አየሩ ነው» የሚለው ሰበብ እዚያ አይሠራም። እነሱ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ቴርሞስታቱ አለ ወይ ብዬ ነው። መኪና እንዳይሞቅ ተብሎ ይነቀላል፤ ምናልባት ለአፋር በረሃ ያስኬድ ይሆናል። መንዝ ላይ ግን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል፣ ኮምፒውተሩም ገና ማለዳ መስሎት ቤንዚን ይጨምራል። ካታሊስቱም፣ ማርሚታው ላይ ያለው ያ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ፣ 300 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ሥራ አይጀምርም። ሊድ ያለበት ቤንዚን ካታሊስትን ይገድለዋል፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እሱን የተሰናበቱት በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዛሬ ካታሊስት የሚሞተው በአብዛኛው በማይተኩስ ካንዴላና በሚቃጠል ዘይት ነው። ምክንያቱን ሳያስወግዱ አዲስ መግጠም ሁለተኛውን ለመግደል ነው።

አሮጌ መኪና ይቅር የሚል ሰው አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉ ተነገረ። ለኤሌክትሪክ መኪና ጣርማ በር ዳገት እንጂ ከፍታ አይደለም፤ አየር አይጠይቅም። የመሐል ሜዳ፣ የሞላሌና የራቤል ሰው ግን ለጊዜው የሚነዳው ያለውን ነው።

ዲኤክሷ በሦስተኛው አለፈች፤ ካርቦን ሞኖክሳይዷ 2.6 በመቶ ወጣ። አጎቴ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ መርሐ ቤቴ ለሰርግ ሄደ። የጀማን ቁልቁለት ወርዶ በማግስቱ ዓለም ከተማ ዳገት ላይ ሞተሯ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ለደጋ የጠበበው ብሎን ለቆላ ጾም ሆነባት። ደውሎ ለልጁ ነገረው።

«ጋሼ፣ ያቺን ወረቀት ይዘዋታል?»

ይዟታል። የሊብሬው ፕላስቲክ ውስጥ ናት፤ ካቻቢቴውም ከወንበሩ ሥር።