በባሕር ዛፍ ውስጥ የተሸሸገው ባትሪ

ከእንጦጦ እስከ የካ ያለውን ተራራ ያለበሰው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው። እናቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን አዝለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ወገባቸውን ያጎበጠው ሸክም ከማገዶነት የዘለለ ነገር ይዟል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ለነገሩ እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ፕላስቲክም እንደዚሁ።

የፕላስቲኩ ነገር እ.ኤ.አ. በ1967 ቶኪዮ ላይ ተናጋ። ሂዴኪ ሺራካዋ በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ አንድ እንግዳ ተመራማሪ ፕላስቲክ ሲሠራ ካታሊስቱን፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥ አፋጣኙን፣ ከሚገባው ሺህ እጥፍ አብዝቶ ጨመረው። ጥቁር ዱቄት ሲጠበቅ ብርማ ስስ ሽፋን ብቅ አለ። ሺራካዋ አልጣሉትም። እ.ኤ.አ. በ1976 ከአላን ማክዲያርሚድና ከአላን ሂገር ጋር የብሮሚን ተን ሲያሳርፉበት የማስተላለፍ አቅሙ በሚሊዮኖች እጥፍ ዘለለ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክን ያሳልፋል እንጂ ብዙ ቻርጅ አያከማችም። ማን ያከማችለት?

በስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ኡሌ ኢንጋኔስና ፖላንዳዊው ግዤጎሽ ሚልቻሬክ ፊታቸውን ወደ ወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭ አዞሩ። እዚያ ሊግኒን አለ፤ የእንጨትን ጭረቶች አጣብቆ የሚያቆም ንጥረ ነገር። ኪኖን የተባሉት ክፍሎቹ ኤሌክትሮን ይቀበላሉ፣ ይመልሳሉም። ችግሩ ሊግኒን ራሱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ጎተራው አለ፣ መንገዱ የለም። ፒሮል የተባለውን ኬሚካል በሊግኒን ውሁድ ውስጥ ወደ ፖሊፒሮል ሲለውጡት ሁለቱ ተጠላልፈው ስስ ጥቁር ፊልም ሠሩ። ፖሊፒሮሉ መንገድ ሆነ፣ ሊግኒኑ አከማቸ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳይንስ መጽሔት ወጣ።

ግን የየትኛው ተክል ሊግኒን ይሻላል?

ጥያቄውን ይዘው ከተነሡት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ተመራማሪ ሽመልስ አድማሴ ነበሩ። ከኢንጋኔስ ጋር ሆነው የሞቃታማ አካባቢ ተክሎችን ሊግኒን እያነጻጸሩ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው መልስ ግልጽ ነበር፤ በሊግኒኑ ውስጥ ሲናፒል የሚባለው ክፍል በበዛ ቁጥር የሚከማቸው ቻርጅም በዛ። በዚህ ክፍል ከበለጸጉት ዛፎች አንዱ ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው!

ደስታው ሙሉ አልነበረም። ቻርጅ የተደረገው ፊልም ሳይነካ ሲቀመጥ በራሱ እየፈሰሰ ባዶውን ይቀራል። ጥሬ ዕቃው ተራራችን ላይ ቆሟል፤ ይህን ቀዳዳ መድፈን የእኛ ወጣት ኬሚስቶች ሥራ ይሁን።