የጣልነውን ካሴት ዳግመኛ ስናዳምጥ

ጌታን በተቀበሉበት ሰሞን ካሴቶችዎን ምን አደረጓቸው? ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፈገግ የማይል አማኝ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ሰብስቦ አቃጠለ፤ አንዳንዱ ላላመነ ጓደኛው ሰጠ (እርሱ ይጥፋ ያለ ይመስል!)፤ አንዳንዱ ደግሞ በዘፈኑ ላይ መዝሙር ቀዳበት። ታዲያ መዝሙሩ ሲያልቅ የድሮው ዘፈን ጭራ ድንገት ብቅ ይልና በእንግዳ ፊት ያሳፍር ነበር።

እኔ ከሰጠኋቸው ካሴቶች አንዱ የአየርላንዱ የሮክ ቡድን ዩቱ ያወጣው «ዘ ጆሹዋ ትሪ» ነበር። ትርጉሙ «የኢያሱ ዛፍ» ማለት ነው። በሰጠሁት አልጸጸትም፤ በዚያን ጊዜ ልቤን ከብዙ ነገር መለየት ያስፈልገኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን አንድ ወንድም «የዚያ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን እኮ ከወሎ ጋር የተያያዘ ነው» አለኝ። አላመንሁትም። ነገሩን ስመረምር እውነት ሆኖ አገኘሁትና ሲዲውን ፈልጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥሁት። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልበሙ የወጣው ማርች 9 ቀን 1987 ነው። አሥራ አንድ ዘፈኖች አሉት፤ በዓለም ዙሪያ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ በ1988 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት አግኝቷል። ስሙ በአሜሪካ ምዕራብ በረሃ ከሚበቅል ዛፍ የተወሰደ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በዚያ ያለፉ የሞርሞን ሰፋሪዎች ቅርንጫፎቹን ሲያዩ እጆቹን ወደ ሰማይ የዘረጋው ኢያሱ ትዝ ስላላቸው እንዲህ ብለው እንደ ሰየሙት ይተረካል።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ዩቱ በ1976 በደብሊን ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተመሠረተ ቡድን ነው። ከበሮ መቺው ላሪ ሙለን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «አብሮኝ የሚጫወት» ብሎ በመለጠፉ ተሰባሰቡ። የዘፋኙ የቦኖ አባት ካቶሊክ፣ እናቱ ፕሮቴስታንት ነበሩ፤ በአየርላንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለትም ቦኖ፣ ጊታር ተጫዋቹ ዘ ኤጅና ላሪ፣ ሻሎም በሚባል የካሪዝማቲክ ኅብረት ውስጥ ይጸልዩና መጽሐፍ ቅዱስ ያጠኑ ነበር። በ1981 ሁለተኛ አልበማቸውን ሲያዘጋጁ «አማኝ ሆኖ ሮክ መጫወት ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አስጨነቃቸው፤ ቡድኑም ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። በመጨረሻ ሙዚቃውን መረጡ፤ ከኅብረቱም ተለዩ። ጊታር ወደ ጸሎት ቤት ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን የሽማግሌዎች ክርክር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ጭንቀት እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ ወሎ እንመለስ። ጁላይ 13 ቀን 1985 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ርዳታ ለማሰባሰብ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። ዩቱም በለንደን ተጫውቷል። ብዙዎቹ ዘፋኞች ከመድረኩ ወርደው ወደየቤታቸው ገቡ። ቦኖና ባለቤቱ አሊ ግን በዚያው ዓመት፣ ካሜራና ጋዜጠኛ ሳያስከትሉ፣ በወርልድ ቪዥን በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ወሎ ውስጥ በአጅባር አንድ ወር ያህል በበጎ ፈቃደኝነት አገለገሉ። ሕፃናት ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና እንዲማሩ አጫጭር ዜማዎችንና ድራማዎችን ያዘጋጁ ነበር። እኛ «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» ብለን የምንጠራው ዘመን መሆኑ ነው። በዚያው ጊዜ በደርግ ትእዛዝ ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው፣ ቅዱሳን በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ እንደ ነበር አንባቢ አይዘነጋም።

ቦኖ ስለዚያ ወር በተናገረ ቁጥር ሁለት ነገር ያነሣል። አንደኛው፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ ያደሩ ሰዎች በካምፑ ዙሪያ ተቀምጠው ይታዩ እንደ ነበር ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው። አንድ አባት ልጁን አቅፎ መጣና ይዞት እንዲሄድ ለመነው፤ ከእርሱ ጋር ከሄደ እንደሚኖር፣ ከቀረ ግን እንደሚሞት ነገረው። ቦኖ የካምፑ ደንብ ስለማይፈቅድ እምቢ ማለት ነበረበት። በ2000ዎቹ ስለ ድኾች አገሮች ዕዳ ስረዛና ስለ ኤድስ መድኃኒት በየቤተ መንግሥቱ ደጅ ሲጠና ይህን አባት ደጋግሞ አንሥቷል። እኔ ግን ከቦኖ ይልቅ አባትየውን ነው የማስበው። ልጁን ለባዕድ ሰው የዘረጋ እጅ!

የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን መንገዶች ስም ስለሌላቸው ስፍራ ይናገራል። ቦኖ እንደ ገለጸው በሰሜን አየርላንድ፣ በቤልፋስት፣ አንድ ሰው የሚኖርበትን መንገድ ስም ከሰሙ ካቶሊክ ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ሀብታም ይሁን ድኻ ወዲያው ያውቁታል። በኢትዮጵያ ሳለ ይህ ሁሉ ልዩነት የማይታወቅበትን ስፍራ አሰበ፤ የግጥሙንም መነሻ በዚያ ጻፈ። (ለእኛማ የመንገድ ስም አለመኖር ምን ብርቅ ነው? ቤታችንን የምናመለክተው በወፍጮ ቤትና በዋርካ ነው።) ዘፈኑ የሚጀምረው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በሚመስል ድምፅ ነው። ቀስ እያለ ይነሣል፤ ከዚያም የገደል ማሚቶ እንደሚመልሰው ያለ ጊታር ይከተለዋል። ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ማንም አፉን አይከፍትም። ለመቅዳት እጅግ ከማስቸገሩ የተነሣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ብራያን ኢኖ ቴፑን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊያስጀምራቸው አስቦ ነበር።

ሁለተኛው ዘፈን ግን በክርስቲያኖች ዘንድ ክርክር ያስነሣ ነው። ዘፋኙ የምፈልገውን ገና አላገኘሁም ይላል። ዩቱን «የእኛ ልጆች» ብለው የያዙ ብዙ አማኞች ደነገጡ። ክርስቶስን ያገኘ ሰው እንዴት «አላገኘሁም» ይላል? ካዱ ማለት ነው?

እኔም ካሴቱን ስሰጥ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ያደመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ ከመጨረሻው አዝማች በፊት ዘፋኙ በሚመጣው መንግሥት እንደሚያምን፣ እስራቱን የፈታለት፣ መስቀሉንና ኀፍረቱን የተሸከመለት አንድ እንዳለ ይናገራል። «አላገኘሁም» የሚለው ከዚህ ኑዛዜ በኋላ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ገና ፍጹም እንዳልሆነ፣ ያንንም ለመያዝ እንደሚሮጥ ይነግራቸዋል (ፊል. 3፥12-14)። ለሮሜ ሰዎችም የመንፈስ በኵራት ያለን እኛ ራሳችን እየተጠባበቅን እንደምንቃትት ይጽፋል (ሮሜ 8፥23)። መዝሙረ ዳዊትንማ ማን ይቈጥረዋል! ከመዝሙራቱ ብዙዎቹ ልቅሶና ጥያቄ ናቸው፤ 88ኛው እንዲያውም በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። ዩቱ ከዚህ አልበም አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1983፣ መዝሙር 40ን ዘፈን አድርጎ ሠርቶ ነበር፤ ለብዙ ዘመንም ኮንሰርቱን በእርሱ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ይህን ቋንቋ ከየት እንደ ተማሩት ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቹ ባዶ ነገር አልተናገሩም። ጳውሎስ የሚሮጠው ወዴት እንደ ሆነ ጠቅሶ ነው። ይህ ዘፈን ግን ያልተገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ አይነግረንም፤ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ምኞት ሊያስገባበት ይችላል። በእሑድ አምልኮ ይዘመር የሚል ሐሳብ የለኝም።

ታዲያ ለምን ነካኝ? ሲዲውን ባዳመጥሁበት ወቅት ታላቅ ወንድሜን ቀብረን ከተመለስን ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ስለ ፈውሱ ጾመን ጸልየናል፤ ትንቢትም ተነግሮልን ነበር። ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ተነሥቼ የምናገረው ቃል አጣሁ። በመካከላችን የሚነሣው ሁሉ «አገኘሁ፣ ተመለሰልኝ፣ ተከፈተልኝ» ይላል። «አምናለሁ፤ ግን ገና እየጠበቅሁ ነው» ለሚል ሰው ማይክራፎኑ የሚደርሰው ስንት ጊዜ ነው? እርስዎስ በኅብረትዎ እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምተው ያውቃሉ? እኔ ያጣሁትን ቃል ድሮ በጣልሁት ካሴት ውስጥ ሰማሁት፤ ይህም ትንሽ አሳፈረኝ።

በዚያው አልበም ዘጠነኛው ዘፈን የኀዘን ዘፈን ነው። ግሬግ ካሮል የሚባል የቦኖ ረዳት የነበረ የኒውዚላንድ ማኦሪ ወጣት በጁላይ 1986 በደብሊን በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። ጓደኞቹ አስከሬኑን ይዘው አገሩ ድረስ ሄደው ቀበሩት፤ አልበሙም ለእርሱ መታሰቢያ ሆነ። ቦኖ ይህን ዘፈን ሲቀዳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዘፈነው፤ ሊደግመው አልቻለም። አንዳንድ ቦታ ድምፁ ይሰበራል። እንዳለ ተዉት።

ሁሉንም ግን አላደንቅም። አሥረኛው ዘፈን ወደ አንድ ነፍሰ ገዳይ አእምሮ ውስጥ የሚያስገባ ጨለማ ነገር ነው። በ1991 በአሜሪካ አንድ ነፍሰ ገዳይ በተከሰሰበት ችሎት ይህ ዘፈን እንደ ተጫነው በተከላካዮቹ በኩል ቀርቦ፣ ዘፈኑ በፍርድ ቤቱ ውስጥ ተሰምቷል። ቡድኑም ከ1989 በኋላ እስከ 2017 ድረስ በመድረክ አልተጫወተውም። «ዘፈን ምን ያደርጋል፣ ድምፅ ነው» ለሚሉን ይህን ብንነግራቸው አይከፋም። እኔ ስደርስበት አልፈዋለሁ። ሌሎቹ ዘፈኖች ስለ ሄሮይን ሱስ፣ በ1984 ስለ ተነሣው የብሪታንያ ማዕድን ቆፋሪዎች አድማ፣ በላቲን አሜሪካ ልጆቻቸው ታፍነው ስለ ጠፉባቸው እናቶች የሚናገሩ ናቸው። ልጇ ተወስዶ የት እንደ ደረሰ ያልታወቀላት እናት በአገራችንም ስለነበረች የመጨረሻው ዘፈን ትርጉም አይጠይቅም።

ስለ ሰዎቹ ሕይወትም መሸፋፈን አያስፈልግም። መጠጡም፣ የአፉም ነገር ብዙ አማኞችን አሰናክሏል። በ2018 በአየርላንድ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ቡድኑ የእገዳው ሕግ እንዲሻር ድጋፉን ገልጿል፤ ይህን ከወንጌላውያን አብዛኞቻችን አንቀበለውም። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ቦኖ በ2016 ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከዩጂን ፒተርሰን ጋር ተቀምጦ ስለ መዝሙረ ዳዊት በተቀረጸ አጭር ፊልም ተወያይቷል፤ በዚያም የክርስቲያን ዝማሬ እንደ መዝሙራቱ እውነቱን እንዲናገር ይማጸናል። ሁለቱም አንድ ሰው ነው። እንዴት እንደሚታረቅ እኔ አላውቅም፤ መምህራን ይከራከሩበት።

አልበሙን እንደገና ማድመጥ ኅሊናዎን የሚከለክልዎ ከሆነ ይተዉት፤ ምንም አይጎድልብዎም። የሚያዳምጡ ከሆነ ግን ከጎልማሳ ልጆችዎ ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ እነርሱ እንግሊዝኛውን፣ እርስዎ ደግሞ የሰባ ሰባቱን ዘመን ያውቃሉ። ሁለተኛውን ዘፈን ሲጨርሱ በ1988 በወጣው «ራትል ኤንድ ሀም» በተባለው አልበም ውስጥ ያለውን ቅጂ ይፈልጉ። በዚያ ቡድኑ ከኒውዮርክ ሃርለም የወንጌል መዘምራን ጋር በአንድነት ይዘምረዋል። ጥቁር አሜሪካውያኑ ዘማርያን ያንኑ «አላገኘሁም» የሚለውን ቃል ተቀብለው ሲያነሡት ያድምጡ። የእኛ ቤት ልጆች ይህን ሲሰሙ «ይሄማ መዝሙር ነው» አሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ «አይደለም» አለች፤ እራት እስኪቀርብ ድረስ ተከራከርን።