በጉድባ የተከበበች ደሴት



ደካ ውስጥ ከመግሪብ በኋላ ከሚማሩት ልጆች አንዱ በቀደም ዕለት ኪታቡን አጥፎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ኡስታዝ፣ ኮሞሮስ ትንሽ ደሴት ናት ተብለን ተምረናል። ታዲያ እንዴት አድርጋ የአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበር ሆነች?» አለኝ። ልጁ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ያኔ በአጭሩ መልስ ሰጥቼው ወደ ትምህርታችን ተመለስን፤ ጥያቄው ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። ትንሽ አገር ከትልልቆቹ ጋር እንዴት ትኖራለች? እኛ ካፋዎችም ይህን ጥያቄ በደም የመለስን ሕዝብ ስለሆንን ለዛሬው ዝግጅታችን መረጥኩት። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለልጁ የነገርኩትን ላስቀድም። ኮሞሮስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ሲሆን፣ የሚከተለውም በእኛ አገር ብዙዎች የሚከተሉትን የሻፊዒይ መዝሀብ ነው። ደሴቶቹ አራት ናቸው፦ ንጋዚጃ፣ ንዝዋኒ፣ ምዋሊና ማዮት። ጥንት በየደሴቱ ሱልጣኖች ነበሩ፤ ሱልጣኖቹም እርስ በርስ ይዋጉ ነበር። የማዮቱ ገዢ አንድሪያንትሶሊ ተቀናቃኞቹን ፈርቶ በ1841 ደሴቲቱን ለፈረንሳይ አሳልፎ ሰጠ። ጎረቤቱን ለማሸነፍ ሲል ሩቅ ያለውን ኃይለኛ ቤቱ አስገባ ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ኮሞሮስ ሐምሌ 6 ቀን 1975 ነጻነቷን አወጀች። ማዮት ግን ከፈረንሳይ ጋር መቅረትን መረጠች፤ በ2011ም ሙሉ በሙሉ የፈረንሳይ አንድ አውራጃ ሆነች። ኮሞሮስ እስከ ዛሬ ደሴቲቱ የእኔ ናት ትላለች፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ይህንኑ ደጋግሞ ደግፏል። የቀሩት ሦስቱ ደሴቶችም ቢሆኑ ሰላም አላገኙም። ነጻነት ከታወጀ ወር ሳይሞላ መንግሥት ተገለበጠ። ቦብ ዴናር የሚባል ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደር በ1978 ሃምሳ ያህል ሰው በመርከብ ጭኖ መጥቶ ሌላ መንግሥት ገለበጠ። አስቡት እስቲ! ሃምሳ ሰው አንድን አገር!

ታዲያ ይህች አገር ምን አላት? ቫኒላ አላት፣ ቅርንፉድ አላት፣ በየጉባኤውም አንድ ወንበር አላት። የዐረብ ሊግ አባል ናት፤ የእስላማዊ ትብብር ድርጅት አባል ናት፤ የአፍሪካ ኅብረት አባል ናት። በጉባኤ ላይ የኮሞሮስ ድምፅ ከናይጄሪያ ድምፅ ጋር እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። የንዝዋኒ ደሴት መሪ አሻፈረኝ ባለ ጊዜ በመጋቢት 2008 የታንዛኒያና የሱዳን ወታደሮች በአፍሪካ ኅብረት ስም ከኮሞሮስ ሠራዊት ጋር ገብተው አስወገዱት። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ2023 ፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒ የኅብረቱን ሊቀመንበርነት ያዙ። የቡድን 20 አገሮች የአፍሪካ ኅብረትን በአባልነት የተቀበሉትም በዚያው ዓመት ኒው ዴልሂ ላይ ነበር፤ ያኔ የመላ አፍሪካን ወንበር ይዘው የተቀመጡት የዚያች ትንሽ አገር ሰው ነበሩ።

ከእኛ ጋር የሚያገናኛት ሐዘንም አለ። ኅዳር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በጠላፊዎች ተይዞ፣ ነዳጁን ጨርሶ፣ በንጋዚጃ ዳርቻ ባሕሩ ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። የተረፉትን ከውኃ ለማውጣት በጀልባ የደረሱት የአካባቢው ሰዎችና ባሕር ዳር የነበሩ እንግዶች ናቸው።

ልጁ ይህን ከሰማ በኋላ «እኛ ጋ ግን ባሕር የለም» አለ። እውነቱን ነው፣ ባሕር የለንም። ነገር ግን አባቶቻችን ባሕር ሠርተው ነበር።

የካፋ መንግሥት ከአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን ግድም ጀምሮ እስከ 1897 የቆየ፣ አምስት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ የነበረው መንግሥት ነው። ንጉሡ ታቶ ይባላል። ታቶው ብቻውን አይወስንም፤ ሚክሬቾ የሚባል የሰባት ታላላቅ ሰዎች ሸንጎ አለው። መናገሻዎቹ ቦንጋና አንደራቻ ነበሩ። ተፈጥሮ በጎጀብና በኦሞ ወንዞች፣ እንዲሁም በደኑ አጥሮታል። ወንዝና ደን ያልሸፈኑትን ደግሞ ሕዝቡ ጥልቅ ጉድባ እየቆፈረ፣ የግንድ አጥር እየተከለ ዘጋው። በጉድባው መካከል የተወሰኑ በሮች፣ ማለትም ኬላዎች፣ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባዶ የተተወ መሬት ነበር። እንግዳ ወደ ካፋ የሚገባው በኬላው ብቻ ሲሆን፣ ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ሳይታወቅ አያልፍም።

እነዚህን በሮች ሲጠብቁ የኖሩት ማንጆዎች ነበሩ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በማዕድ አብሯቸው የማይቀርብ፣ በቤቱ የማያስገባቸው ሕዝብ ሌሊቱን ተኝቶ ያድር የነበረው እነርሱ በር ላይ ስለቆሙ ነው። ዛሬም በአንዳንድ ሰፈራችን ማንጆን የሚያገልል ሰው አለ፤ በሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ ከሰገደ በኋላ ቡና ላይ ሲኒ የሚለይ እንኳ አይቻለሁ።

ኬላው ታዲያ ለዘጋ ብቻ የተሠራ አልነበረም። ካፋ የምትሸጠው ብዙ ነገር ነበራት፦ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ ቡና። ዛሬ ካፋ ሲባል ሁሉም ቡና ይላል፤ በዚያ ዘመን ግን የሲራራ ነጋዴውን ከሩቅ የሚስበው ከቡናው ይልቅ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ነበር። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከሰሜን የመጡት ጀበርቲዎች፣ ከኦሮሞው ደግሞ አፍቃላ የሚባሉት። አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ይዘው ይመጣሉ፤ ከቦንጋ በጅማ ሂርማታና በሊሙ ሰቃ ገበያ አድርገው፣ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ምጽዋ ይደርሳሉ። ሌላው መንገድ በሸዋና በሐረር አድርጎ ዘይላ ይወርዳል። እነዚህ ነጋዴዎች በካፋ ምድር እንደልባቸው አይዘዋወሩም ነበር፤ ስፍራቸው ቦንጋና ገበያዋ ነው። ይህም የመንግሥት ብልሃት ነበር። ዕቃቸው ይፈለጋል፣ ወሬያቸውም ይፈለጋል፤ መንገዱንና የጦር ቦታውን እንዲያዩ ግን አይፈለግም።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት መራራ ነገር አለ። በዚያ መንገድ ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰውም ተነድቷል። የካፋ ገበያ የባሪያ ገበያም ነበር፤ ሻጩ የአገሩ ሹም፣ ገዢው ብዙ ጊዜ የእኛው ሃይማኖት ወንድም ነው። አንዳንድ ሰው ኢስላም ወደ ምዕራቡ አገራችን በንግድ ገባ ብሎ በኩራት ይናገራል። በእርግጥም በንግድ ገብቷል። ነገር ግን ነጋዴው ሰጋጃውን ብቻ ጭኖ እንዳልመጣ፣ ሲመለስም ኮረሪማ ብቻ ጭኖ እንዳልሄደ ልጆቻችን ከእኛ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ከንግዱ ሌላ ጋብቻም ነበር። በ1843 የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሣዊ ቤተሰብ ሙሽራ እንዲያመጡለት መልእክተኞች ላከ። ከእነርሱ ጋር አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ መንገደኛ አብሮ ቦንጋ ገባ፤ ስለዚህም ነገሩ ተጽፎ ቀረልን። እንግዲህ አስተውሉ፤ አባ ባጊቦ ሙስሊም ነው፣ የካፋው ታቶ ደግሞ የራሱ የጥንት እምነት ያለው ንጉሥ ነው። ሃይማኖታቸው አንድ ሳይሆን መንገዳቸው አንድ ነበርና አማቾች ሆኑ። ከዐሥራ ስድስት ዓመታት በኋላም፣ በ1859፣ የካቶሊኩ ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ ካፋ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ ተባረረ። በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በካፋ ፈቃድ ነበር።

ያ ጊዜ ግን አለፈ። ሰኔ 1882 እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተዋጉ። ጠባቸው የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ አገር፣ የዚያ የዝሆን ጥርስና የዝባድ መንገድ፣ የማን ይሁን የሚል ነበር። ሸዋ አሸነፈች። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ሁለተኛ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ገበረ። በየዓመቱ ግብር ይልካል፤ በምትኩ አገሩን ራሱ ያስተዳድራል፣ የሰሜን ወታደር አይሰፍርበትም፣ መስጂዱም ገበያውም ይቀጥላል። ይህ ስምምነት አባ ጅፋር እስከ ሞተበት እስከ 1932 ድረስ አገልግሏል። ሽማግሌዎቻችን የአባ ጅፋርን ብልህነት ሲያደንቁ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እኔም አደንቃለሁ።

የካፋው ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ግን በ1890 ሲነግሥ ሌላ መንገድ ያዘ። ጉድባውንና ኬላውን፣ ደኑንና ወንዙን አመነ። በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ብዙ ጠመንጃ ባለው ሠራዊት ዘመተበት፤ ካፋ የነበራት ጠመንጃ ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው ተዋጊ በጦር ነው የወጣው። ጉድባ ፈረሰኛን ያስቆማል እንጂ ጥይትን አያስቆምም። እንዲያም ሆኖ ንጉሡ በደኑ ውስጥ እየተሰወረ ለወራት ተዋጋ። የተያዘው በመስከረም 1897 ነው። ከዚያም ተወስዶ በ1919 እስኪሞት ድረስ በግዞት ኖረ። ከድሉ በኋላ በካፋ ያለፈው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተቃጠለ ቤትና ሰው የራቀው መሬት ማየቱን ጽፏል። የሞተው ሞተ፣ የተማረከው በባርነት ተነዳ። ትናንት በቦንጋ ገበያ ሰው የሸጠ ሹም ዛሬ የገዛ ልጁ ተነዳበት።

በዚያ ዘመቻ ላይ የአባ ጅፋር ጦርም ነበረበት። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው። የማዮቱ ገዢ ጎረቤቱን ፈርቶ ሩቁን ጠራ፤ የጅማው ደግሞ ለሩቁ ገብሮ በጎረቤቱ ላይ አብሮ ዘመተ። ጅማ ያገኘችው ሰላም እውነተኛ ሰላም ነበር፤ ከዋጋው ግን ከፊሉን የከፈለችው ካፋ ናት። «አባ ጅፋር ብልህ፣ ጋኪ ሞኝ» ብሎ መዝጋት ለጅማ ሰው ይቀልል ይሆናል፤ እኔ ካፋ ተወልጄ እንዲህ ማለት አይሆንልኝም። «ጋኪ ጀግና፣ አባ ጅፋር ከዳተኛ» የሚለውም አይዋጥልኝም፤ በጅማ ያልተቃጠለውን ቤት፣ ያልተነዳውን ልጅ ማን ይቆጥረዋል? የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ካፋ፣ ጅማ፣ ሊሙና ጎማ እየተጋቡና እየተገበያዩ ኖረው ሳለ፣ የቁርጡ ቀን ሲመጣ አንድም ጊዜ በአንድ ላይ ቁጭ ብለው አልመከሩም። ኬላ ነበራቸው፤ ኮሞሮስ አዲስ አበባ ላይ ያገኘችውን ዓይነት የጋራ ጉባኤ ግን አልነበራቸውም።

የካፋ ዘውድም ተሰደደ። የምኒልክ አማካሪ የነበረው የስዊሱ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ዙሪክ ወስዶት ነበር። ዘውዱ ከአገር እስከ ራቀ ድረስ የካፋ መንግሥት አይነሣም ይባል ነበር አሉ። በ1954 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ተመለሰላቸው፤ ይዘውትም ወደ አዲስ አበባ ገቡ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ጉድባው አሁን የት አለ?» ብሎኛል። በሚመጣው ጁምዓ ማግስት፣ ኢንሻአላህ፣ ቦታውን ከሚያውቁ አንድ አዛውንት ጋር ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ። ከቤተሰብ መምጣት የሚፈልግ ካለ ከዙህር በፊት መስጂዱ በር ላይ ይጠብቀን።