ቱርቦ ከመግዛት በፊት ጥላሸቱን መመርመር ይገባል

ከመርካቶ ገበያ አጠገብ በሚገኘው አብነትና በሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መፈለግ የተለመደ ነው። የማኅበራቸውን አሮጌ ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪና ይዘው ወደዚያ የሚያቀኑ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ግን ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። አቅሙ የደከመ መኪና ሁሉ አዲስ ቱርቦ አያስፈልገውም።

ቱርቦ የሚሽከረከረው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት ነው። ጭሱ ቱርቦው ዘንድ ሳይደርስ በተቃጠለ ጓርኒሲዮን ወይም በተሰነጠቀ ብረት በኩል ካመለጠ፣ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፤ ጥቁር ጭስ ያበዛል፤ ነዳጅም ይፈጃል። ከቱርቦው በኋላ የሚያመልጠው ደግሞ ወደ ጋቢና እየገባ ተሳፋሪውን ይመርዛል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን በ2004 ዓ.ም. አስታውቋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ ሲነሣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥላሸት ይታያል። የላላው ብሎን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመሐል ወደ ዳር በተራ ይታሰራል፤ የተቃጠለው ጓርኒሲዮን ይለወጣል፤ የተቀደደው ቱቦ ይበየዳል። ከብየዳው በፊት የባትሪው ገመድ መነቀል አለበት።

የማኅበር መሪዎች ይህን አስቀድመው ሊያስመረምሩ ይገባል። የማኅበሩ ገንዘብ የአባላቱ ላብ ነውና።